እንዳምናው ነው

ደለንዳ በስፋክስ ከተማ፣ በአንድ ሆስፒታል የዓይን ክፍል ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት ሠርታለች። ሥራዋ የሰውን ዓይን ጀርባ በምስል ማንሳት ነው። በሽተኛው አገጩን ከማሽኑ ማሳረፊያ ላይ ያኖራል፣ ግንባሩን ያስደግፋል፣ ውስጥ የምትበራዋን አረንጓዴ ነጥብ ትኩር ብሎ ያያል፤ እሷ ታነሳለች፣ ትለካለች፣ ቁጥሩን ትመዘግባለች። ቁጥሩ ምን ማለት እንደሆነ መናገር ግን የእሷ ድርሻ አልነበረም። ለሚጠይቃት ሁሉ «እሱን ዶክተሩ ይነግርዎታል» ትላለች። ሰው ግን በዚህ አይለቃትም፤ ከአፏ ያጣውን ከፊቷ ይፈልጋል። ቅንድቧ ከፍ ካለ ይደነግጣል፣ ፈገግ ካለች አላህን ያመሰግናል። ስለዚህ በሥራ ሰዓት ፊቷን ዝግ ማድረግ ተማረች። ባሏ በሕይወት ሳለ «ኧረ ቤት ስትገቢ እንኳ ያን ፊትሽን አውልቂው» እያለ ይቀልድባት ነበር።

ኸሚስ ከቀርቀና ደሴት የሚመጣ ዓሣ አጥማጅ ነው። መጀመሪያ ሲመጣ ዕድሜው ሠላሳ ስምንት ነበር፤ ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ሚያዝያ ሲገባ በመርከብ ተሻግሮ ይመጣል። ከልጅነቱ ጀምሮ ዳፍንት ነበረበት። አባቱም ነበረበት፣ የእናቱም ወንድም እንዲሁ፤ ፀሐይ ስትጠልቅ እጅ ለእጅ ተያይዞ ወደ ቤት መግባት በእነሱ ቤተሰብ የተለመደ ስለነበር ማንም በሽታ ብሎ አልጠራውም። ሠላሳን ሲያልፍ ግን ቀኑም ከዳር ከዳር ይጠፋበት ጀመር። ከጎኑ ሰላም የሚለውን ሰው አያይም፤ ዝም ብሎ ያልፋል። መንደሩ «ኸሚስ ኮራ» አለ። ሁለት የአጎቱ ልጆች በዚህ የተነሳ ዓመት ሙሉ አኮረፉት።

ዶክተር ነጂብ በመጀመሪያው ዓመት አስቀምጦ ነገረው። ሕመሙ በዘር የሚወርድ ነው፤ ከዳር ጀምሮ ወደ መሐል ይበላል፤ የሚያቆመው መድኃኒት የለም። ሚስቱ መህቡባ የአጎቱ ልጅ ናትና የሚወልዱትም ልጅ ሊይዘው ይችላል። ባልና ሚስቱ ወደ ደሴታቸው ተመልሰው ምን እንደተባባሉ ደለንዳ አታውቅም፤ ልጅ ግን አልወለዱም።

በደለንዳ ማሽን ላይ የኸሚስ ዓይን ጀርባ ተደራርቦ የተቆረጠ እንጀራ ከጎኑ ሲታይ ይመስላል፤ ንብርብር ነው። ከንብርብሮቹ መካከል አንዲት ቀጭን ነጭ መስመር አለች። መስመሯ ባለችበት ዓይን ብርሃን ይቀበላል፣ በጠፋችበት አይቀበልም። በጤነኛ ሰው ከዳር እስከ ዳር ትዘረጋለች። በኸሚስ ዓይን መሐል ላይ ብቻ ቀርታ ነበር፤ በመጀመሪያው ዓመት ሦስት ሚሊሜትር ልትሞላ ትንሽ የቀራት፣ በየዓመቱም ከሁለቱም ጫፍ ጥቂት ጥቂት የምታጥር። ደለንዳ ሁለቱን ጫፎች በጠቋሚው ትነካለች፣ ማሽኑ ርቀቱን ይነግራታል። አለቀ።

«ምን አየሽ?» አላት በመጀመሪያው ቀን፣ አገጩን ገና ሳያነሳ።

«እሱን ዶክተሩ ይነግርዎታል።»

«ዶክተሩማ ይነግረኛል። እኔ መረብ ስስብ ምን እንደያዘ ከውኃ ሳይወጣ በክብደቱ አውቀዋለሁ። አንቺስ ይሄን ሁሉ ዓመት ስትስቢ አላወቅሽም?»

«እኔ ፎቶ አንሺ ነኝ፣ ሲ ኸሚስ፣» አለችው በአክብሮት።

«እሺ ይሁን። ቆንጆ ወጣሁ ወይ?»

ሳቋ አመለጣት። ከዚያ ቀን ወዲህ በመጣ ቁጥር «ቆንጆ ወጣሁ ወይ?» ይላታል፣ እሷም «ካምናው ይሻላል» ትለዋለች። ስለ መልኩ ነው እንጂ ስለ መስመሯ እንዳልሆነ ሁለቱም ያውቃሉ።

ብዙውን ጊዜ ታናሽ ወንድሙ ዓሹር አብሮት ይመጣል። ዓሹር ግዙፍ ነው፣ ድምፁ ከኮሪደሩ ጫፍ ይሰማል። ሁለቱ ወንድማማቾች በአንዲት ባለ ሞተር ጀልባ ይሠራሉ። ከአያታቸው የወረሱት ሸርፊያ አላቸው፤ ጥልቀት በሌለው ባሕር ውስጥ የዘንባባ ዝንጣፊ በረድፍ ተተክሎ ዓሣውን እየመራ ወደ ወጥመድ የሚያስገባ አጥር ነው። ዓሹር ደረቱ ድረስ ውኃ ውስጥ ገብቶ ወጥመዱን ያራግፋል፣ ኸሚስ መሪውን ይዞ ጀልባዋን ያዞራል።

«ለላ ደለንዳ፣» ይላታል ዓሹር በሩ ላይ ተደግፎ፣ «ይሄ ሰውዬሽ ባለፈው በጠራራ ፀሐይ የጎረቤታችንን አህያ ገጭቶ ‹ይቅርታ እህቴ› አላት። እኔን ስንት ጊዜ ረግጦኝ አንድ ቀን እንኳ ይቅርታ ጠይቆኝ አያውቅም።»

«አህያዋ ስድ አፍ አይደለችማ፣» ይላል ኸሚስ።

ደለንዳን ሁልጊዜ የሚያስገርማት ግን የፊደሉ ሰሌዳ ነበር። ኸሚስ ከሰሌዳው ፊት ሲቀመጥ የመጨረሻዋን ረድፍ ያለ አንድ ስሕተት ያነባል፤ አልፎ ከሥሯ በደቃቅ ጽሑፍ የታተመውን የማተሚያ ቤት ስም ይጨምርላታል። ወዲያው ተነሥቶ ሲወጣ ከመተላለፊያው መሐል ከቆመ ተሽከርካሪ አልጋ ጋር ይጋጫል። ዓለም ለእሱ በቁልፍ ቀዳዳ የሚታይ ክፍል ሆኗል፤ በቀዳዳው የሚገባው ሁሉ ግን ጥርት ያለ ነው። ለዚህም ነው በደሴቱ ግማሹ ሰው ዕውር ነው ሲል ግማሹ አስመሳይ ነው የሚለው።

በስድስተኛው ዓመት አንድ ተስፋ መጣ። በውጭ አገር ለእንዲህ ዓይነቱ ሕመም በመርፌ የሚሰጥ አዲስ ሕክምና እንደተገኘ ዓሹር በቴሌቪዥን ሰማና ወንድሙን ጎትቶ ያለ ቀጠሮ አመጣው። ደም ተወስዶ ተላከ። ከአምስት ወር በኋላ መልሱ ሲመጣ ሕክምናው ለሌላ ዓይነት ነው፤ የኸሚስ ቤተሰብ ሕመም በዘሩ ውስጥ ከሌላ ቦታ የተበላሸ ነው፣ ገና ማንም አልጀመረለትም። ዶክተር ነጂብ ይህን ሲናገር ደለንዳ ፋይል ለማድረስ ገብታ ነበር። ዓሹር ወንበሩን ገፍቶ ተነሣ። ኸሚስ ግን «እኛ ቀርቀናዎች ደግሞ መርከብ ሁልጊዜ ለሌላው ሰው ነው የሚደርሰው» ብሎ ሳቀ፤ የሳቀው እሱ ብቻ ነበር።

በአሥራ አንደኛው ዓመት መስመሯ አንድ ነጥብ ስድስት ሚሊሜትር ሆነች። ዶክተሩ ሁለቱን ወንድማማቾች አስቀምጦ «ዘንድሮ በቀን ብርሃን፣ በሚያውቀው ውኃ፣ ሞተር ይያዝ» አለ። «የሚመጣው ዓመት ግን ከዚህ በታች ከወረደ አበቃ። ያኔ አቁም እለዋለሁ፣ ማቆም አለበት።»

«ያኔ መሪውን እኔ እይዛለሁ፣» አለ ዓሹር።

«አንተ?» አለ ኸሚስ። «አንተ መሪ ይዘህማ ማታ ሊቢያ ነው የምናድረው።»

በአሥራ ሁለተኛው ዓመት፣ ሚያዝያ ውስጥ በዋለ አንድ ሐሙስ፣ ኸሚስ ብቻውን መጣ። ዓሹር መረብ ሊጠግን ቀርቷል። የዚያን ቀን ጠዋት ደለንዳ የሁለት ሕፃናት እህትማማቾችን ዓይን አንስታ ነበር፤ የዘጠኝና የስድስት ዓመት። በሁለቱም መስመሯ ከዳር መበላት ጀምራለች። እናትየው ታናሿን በጉልበቷ ላይ አቅፋ «የትንሿ ደህና ነው አይደል? የትንሿ ብቻ ደህና ይሁን» እያለች ፊት ፊቷን ታያት ነበር። ደለንዳ «እሱን ዶክተሩ ይነግርዎታል» ስትል ለመጀመሪያ ጊዜ የገዛ ድምፅዋ አስጠላት።

ኸሚስ ሲገባ ተላጭቶ፣ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ፣ በጋዜጣ የተጠቀለለ የደረቀ ኦክቶፐስ ይዞላት ነበር። አገጩን አኖረ። ነጥቧን ለማግኘት ትንሽ ጊዜ ወሰደበት። አነሳች። ጫፍና ጫፉን ነካች፤ አንድ ነጥብ ሁለት። የተሳሳተች መስሏት ደግማ ለካች። ሦስተኛም ለካች። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ እንዲህ በአንዴ ወድቃ አታውቅም።

ዶክተር ነጂብ በድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ክፍል ውስጥ ነበር፤ ከአሥር ሰዓት በፊት እንደማይወጣ ነርሷ ተናግራለች። ባሕሩ ደግሞ ነፋስ ጀምሮታል፤ ከስምንት ሰዓቱ መርከብ በኋላ ያለው ላይነሳ ይችላል ተብሏል። ኸሚስ ተነሥቶ ጃኬቱን ለበሰ፣ ግን አልሄደም።

«ደለንዳ፣» አላት። የወትሮውን የአክብሮት ‹ለላ› አላለም። «ዓሹር ወደቡ ላይ ቆሞ ነው የሚጠብቀኝ። ገና ከመርከቡ ሳልወርድ ከሩቅ ነው የሚጮኽብኝ። ምን ልበለው?»

«ዶክተሩ…»

«ዶክተሩ ቀዶ ሕክምና ላይ ነው። ቁጥር አልጠየቅኩሽም። እንዳምናው ነው ወይስ አይደለም? ይቺን ብቻ።»

ፊቷን ዝግ አድርጋ ቆመች። እሱ ግን ፊቷን እያየ አልነበረም፤ የሚያይበት ቀዳዳ ከትከሻዋ በላይ የተሰቀለው የቀን መቁጠሪያ ላይ አርፎ ነበር፤ እሷ ቀኝ ይሁን ግራ የት እንደቆመች አያውቅም። 

«እንዳምናው ነው፣» አለች።

ኸሚስ ትንፋሹን ለቀቀ። እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። «አላህ ደስ ያሰኝሽ። አላህ ያሳርፍሽ፣ እህቴ።» ከዚያም ቸኩሎ ሲወጣ ትከሻው ከበሩ መቃን ጋር ተላተመ፤ ዞር ብሎ ለማስተካከል ሲል በሌላው ትከሻው ደገመው። እየሳቀ ሄደ።

ደለንዳ ትክክለኛውን ቁጥር መዘገበች። ቅዳሜ ዕለት ዶክተር ነጂብ አየውና ወዲያው ለኸሚስ ደብዳቤ ጻፈ፤ ሞተር መያዝ አቁም፣ ቶሎ መጥተህ አነጋግረኝ የሚል። ደብዳቤው መላኩን ስታውቅ ቀለል አላት። ከእንግዲህ ነገሩ በዶክተሩ በኩል ይደርሰዋል፤ የእሷ ቃል የአንድ ሳምንት ደስታ ሆኖ ይቀራል ብላ አሰበች።

ደብዳቤው ደሴቱ ደረሰ። መህቡባ ከፖስተኛው ተቀብላ ለባሏ ብትሰጠው «የቀጠሮ ወረቀት ነው፤ ነገሩን ከደለንዳ ሰምቼዋለሁ» አለና ሳይከፍተው ማቀዝቀዣው ላይ ጣለው። እዚያው አቧራ ጠጣ።

በጥቅምት፣ ሸርፊያው አዲስ በተተከለ በሦስተኛው ሳምንት፣ ባሕሩ እንደ ትሪ ዝርግ ሆኖ በዋለበት ጠዋት ወንድማማቾቹ ወጡ። ዓሹር ውኃ ውስጥ ወርዶ ወጥመዱን ያራግፍ ጀመር። ኸሚስ ጀልባዋን አዙሮ ወደ እሱ ይመለስ ነበር። በኋላ ለባሕር ጠባቂዎቹ ሲናገር ያየውን ሁሉ አንድ በአንድ ዘረዘረ፤ የምልክቱን እንጨት፣ እንጨቱ ላይ የታሰረውን ገመድ፣ የገመዱን ቋጠሮ፣ ቋጠሮው ላይ የቆመችውን ወፍ እስከ እግሯ ቀለም ድረስ። ዓሹር ከእንጨቱ ሁለት ክንድ ወደ ግራ ቆሞ ነበር። ምናልባት ጮኾ ይሆናል፤ ሞተሩ አላሰማም። ወንድሙ በዚያ መሪ ላይ ተቀምጦ ፊት ለፊት እያየው ስለሚመጣ፣ የሚያልፈው መስሎት እስከ መጨረሻው ሳይሸሽ ቆይቶም ይሆናል።

ኸሚስ ወንድሙን ብቻውን ጎትቶ ጀልባዋ ላይ አወጣው። እንዴት እንደቻለ ማንም አልገባውም። መሪውን ይዞ እየጮኸ ወደ ባሕር ዳር ሲመጣ ሌሎች አጥማጆች አግኝተው ተረከቡት። ወደቡ ሳይደርሱ ዓሹር ሞተ።

ደለንዳ ይህን የሰማችው ከአሥራ አምስት ቀን በኋላ ነው። ባሕር ጠባቂዎች የኸሚስን የሕክምና ማስረጃ የሚጠይቅ ወረቀት ላኩ፤ ዶክተር ነጂብ አሥራ ሁለቱንም ዓመት እንድታትምለት ወደ ቢሮው ጠራት።

«ወንድሙን በጀልባ ገደለው፣» አላት ከወረቀቱ ቀና ሳይል። «ያን ትልቁን ሰውዬ። ጽፌለት ነበር እኮ! በሚያዝያ ጽፌለታለሁ። አቁም ብዬዋለሁ። እያወቀ ነው የወጣው።»

ደለንዳ ወንበሩን ያዘች። «አላወቀም።»

«ደብዳቤው ደርሶታል።»

«እኔ እንዳምናው ነው ብዬዋለሁ።»

ዶክተሩ ብዕሩን አስቀመጠ። ተነሥቶ በሩን ዘጋ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ለድሆች በሽተኞች ከሥራ ሰዓት ውጭ የሚቀመጥ፣ ሠራተኛ ላይ ድምፁን ከፍ የማያደርግ ሰው ነው።

«የጻፍሽው ነገር አለ?»

«የለም። የጻፍኩትማ ትክክለኛውን ነው።»

«የሰማ ሰው ነበር?»

«እሱና እኔ ብቻ።»

«እንግዲያው ምንም አላልሽም።» ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ደለንዳ፣ አንቺ ከዚህ ብትወጪ ይቺን ማሽን ማን ያንቀሳቅሳታል? ነገ ስንት ሰው ነው ቀጠሮ ያለው? ዓሹርን አትመልሽውም።»

ወረቀቶቹን አትማ ሰጠችው።

በሚቀጥለው እሑድ መርከብ ተሳፈረች። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የደሴቱን ሰው ዓይን ስታነሳ ኖራ ደሴቱን ረግጣ አታውቅም ነበር። የኸሚስ መንደር ክራተን ስትደርስ የኸሚስን ቤት የጠየቀችው ሰው በእጁ ሳይሆን በአገጩ አሳያትና ፊቱን አዞረ። የሁለቱ ወንድማማቾች ግቢ ጎን ለጎን ነው፤ መሐሉ ላይ የነበረው በር በብሎኬት ተደፍኗል። ሲሚንቶው ገና አልነጣም።

መህቡባ በሩን ከፈተች። አጭር፣ ፊቷ የደቀቀ ሴት ናት። እንግዳዋ ማን እንደሆነች ስታውቅ ለቅጽበት ፊቷ በራ።

«ለላ ደለንዳ! ስላንቺ ሁሌ እንደነገረኝ ነው። ግቢ፣ ግቢ። ሰው እኮ ረግጦን አያውቅም። ለቅሶው እንኳ ከግንቡ ማዶ ነበር፤ እኛ ከዚህ ሆነን ሰማን።»

ኸሚስ ግድግዳ ተደግፎ ምንጣፍ ላይ ተቀምጧል። ድምፅዋን ሲሰማ ጭንቅላቱን አነሳ፤ ዓይኑ ግን አልፈለጋትም። መህቡባ ሻይ ልታፈላ ወጣች።

«ያ ደብዳቤ፣» አለ ኸሚስ ቀድሟት፣ «ጠባቂዎቹ ከማቀዝቀዣው ላይ አንስተው ፊቴ ከፈቱት። አንድ ልጅ እግር መኮንን ጮክ ብሎ አነበበልኝ። ጥሩ ያነባል።»

«ሲ ኸሚስ፣ የዚያን ቀን…»

«ስንት ነበር?»

«ምን?»

«መስመሯ። የዚያን ቀን ስንት ነበር?»

«አንድ ነጥብ ሁለት።»

«አምናስ?»

«አንድ ነጥብ ስድስት።»

አውራ ጣቱንና ሌባ ጣቱን ወደ ፊቱ አምጥቶ አቀራረባቸው። «ይቺን ታህላለች?»

«ከዚያም ታንሳለች።»

የበለጠ አቀራረባቸው። ቆይቶ እጁን ጣለ።

«ወደቡ ላይ ጠበቀኝ፣» አለ። «እንዳልኩሽ፣ ከሩቅ ነው የጮኸው። ‹እንዳምናው ነው!› ብዬ መለስኩለት። ዘለለ፣ ያን የሚያህል ሰውዬ። ቡና ቤት ይዞኝ ገባና ላገኘው ሁሉ ‹የወንድሜ ዓይን ቆመ!› እያለ ሻይ አስቀዳ። ሰው ሁሉ ሳመኝ። አኩርፈውኝ የነበሩት እንኳ።»

ደለንዳ አለቀሰች። እሱ እስክትጨርስ ጠበቀ።

«ፍርድ ቤት ቀርቤ እናገራለሁ፣» አለች። «ማወቅ አለባቸው። ‹እያወቀ ወጣ› ነው የሚሉት። እኔ ነኝ የዋሸሁህ።»

«ውሸትሽን አላውቅም ነበር ብለሽ ነው?» ድምፁ መሻከር ጀመረ። «ከክፍልሽ ስወጣ በሩን ሁለቴ አልገጨሁትም? አሥራ ሁለት ዓመት የማውቀውን በር? መርከቡ ሊሄድብኝ ነው ብዬ ቸኮልኩ። በማግስቱስ መርከብ አልነበረም? ስፋክስ አክስቴ አለችልኝ፤ እሷ ዘንድ አድሬ ዶክተሩን መጠበቅ እችል ነበር። አልፈለግኩም። አንቺ እንድትይልኝ ፈለግኩ፤ አንቺም አልሽልኝ።»

«እኮ፣ ማለት አልነበረብኝም።»

«አልነበረብሽም።»

 ከግንቡ ማዶ አንዲት ሴት ልጆቿን ለምሳ ትጠራ ነበር፤ ስማቸውን አንድ በአንድ።

«አትናገሪ፣» አለ ኸሚስ። «ከተናገርሽ ሁሉም ነገር እንደ አዲስ ይጀመራል። ‹ሴትዮዋ ነች፣ እሱ ነው፣ ዶክተሩ ነው› ሲሉ ይከርማሉ። ያቺ የዓሹር ሚስት ደግሞ በየቀኑ ይሄን ትሰማለች። ይብቃት። እኔን ገዳይ ብላ ጨርሳለች፣ ትጨርስ።» ከዚያ ድምፅዋን ወደሰማበት ዞረ። «ግን ይቅር ብዬሻለሁ አልልሽም። የኔ አይደለም። ከፈለግሽ ከግንቡ ማዶ ሄደሽ ጠይቂ።»

መህቡባ ሻይ ይዛ ስትገባ ደለንዳ ተነሥታ ነበር።

ወደ ዓሹር ቤት በር ሄደች። ሰማያዊ ቀለም የተቀባ በር ነው፤ ከሥሩ የልጆች ጫማ ተደርድሯል። እጇን አንስታ ቆመች። ከውስጥ የሳህን ኮሽታና የልጅ ሳቅ ይሰማል። ልጆቹ እንደገና መሳቅ መጀመራቸው ነው፣ አሁን ገብቼ ምን ልላቸው ነው፣ አለች በልቧ። ሳታንኳኳ ተመለሰች።

መርከቡ ከወደቡ ሲርቅ በየአቅጣጫው ከባሕሩ ላይ ብቅ ያሉ የሸርፊያ አጥሮች ይታያሉ። ደለንዳ የመርከቡን አጥር ይዛ ቆማ አንድ ነገር ገባት። ኸሚስን ለማዳን አልነበረም የመጣችው። አትናገሪ እንዲላት ነበር የመጣችው፤ እሱም ከአፏ ሳይወጣ አውቆ ሰጣት። በሚያዝያ እሷ ለእሱ እንደሰጠችው።

በጥር ኸሚስ ፍርድ ቤት ቆመ። ደለንዳ አልቀረበችም። አንድ ዓመት እስራት በገደብ ተፈረደበት፤ የጀልባ ፈቃዱም ተነጠቀ። ሸርፊያው በዚያ ዓመት የተተከለው እንዳለ ቀረ፤ ማዕበል እየነቀለ ወሰደው።

ሚያዝያ ሲገባ ስሙ በቀጠሮው ዝርዝር ላይ ነበር። ደለንዳ ተራውን ሁለት ጊዜ ወደ ኋላ ገፋችለት፤ አልመጣም። ማምሻውን ቤቱ ደወለች፤ መህቡባ አነሳች።

«አይመጣም፣ ለላ ደለንዳ። ብዬው ነበር፤ ‹ምኔን ሊለኩት ነው?› አለኝ።»

«ቤት ውስጥ እንዴት ነው? ይንቀሳቀሳል?»

«ምን ይንቀሳቀሳል? ዓይኑን ጨፍኖ ነው የሚውል።» የመህቡባ ድምፅ ተሰበረ። «እያየ እኮ ነው! ያቺ ያለችው እኮ ታያለች፤ ፊቴን ማየት ይችላል። አይከፍታትም። ከጠዋት እስከ ማታ ይጨፍናል። ‹ምነው ገና ሳትጠፋ› እለዋለሁ። መድኃኒት ካለ ንገሪኝ።»

ደለንዳ መድኃኒት እንደሌለ ነገረቻት። ይህንን ለማለት ዶክተር አያስፈልግም ነበር።

ከሁለት ዓመት በኋላ ዶክተር ነጂብ ለሕክምና ተማሪዎች ትምህርት ያዘጋጅ ነበር፤ በዘር የሚወርድ የዓይን ሕመም በምስል እንዴት እንደሚከታተሉት የሚያሳይ። ስሙ የተሰረዘ አንድ ረጅም ተከታታይ ምስል እንድታወጣለት ደለንዳን ጠየቃት፤ የማንን እንደሆነ አልተናገረም፣ እሷም አልጠየቀችም። በዚያ ሆስፒታል አሥራ ሁለት ዓመት ሳያቋርጥ በየሚያዝያው የመጣ በሽተኛ አንድ ብቻ ነበር። አሥራ ሁለቱን ምስሎች በየዓመታቸው ደረደረች፤ የእያንዳንዱን መስመር ጫፍና ጫፍ በቢጫ ምልክት አደረገችበት። ቁጥሮቹን ነጥብ በነጥብ ስታያይዛቸው ወደ ታች የሚወርድ ሰንሰለት ወጣላት፤ እስከ አሥራ አንደኛው ድረስ እርጋታ ያለው፣ አሥራ ሁለተኛው ላይ የሚሰበር።

በትምህርቱ ቀን መብራቱን የምታጠፋውና ምስሉን የምትቀያይረው እሷ ስለነበረች ከኋላ ተቀመጠች።

«ልብ በሉ፣» አለ ዶክተር ነጂብ በቀይ መብራት እያመለከተ፣ «ይህ ሰው የፊደሉን ሰሌዳ እስከ መጨረሻው ያነብብ ነበር። በፊደል ብቻ ብትፈትኑት ጤነኛ ነው ትላላችሁ። ምስሉ ነው እውነቱን የሚነግራችሁ። እዚህ ላይ ደግሞ በአንድ ዓመት ውስጥ እንዴት እንደወደቀ ተመልከቱ።»

ከፊት ከተቀመጡት አንዲት ተማሪ እጇን አነሳች። «ዶክተር፣ ከዚያ በኋላስ? አሥራ ሦስተኛው ዓመት የታለ?»

ዶክተሩ ወደ ኋላ፣ ደለንዳ ወደ ተቀመጠችበት ጨለማ፣ ለአፍታ አየ።

«መምጣት አቆመ፣» አለ።

ተማሪዋ ጻፈችው። ደለንዳም የሚቀጥለውን ምስል አመጣች።